ልብስ ሰፊው ጀላሉና የአሜሪካ ሸክላ

ባለቤቴ አብዱልጀሊል ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙን እንዲህ አሟልቶ የሚጠራው የመስጊድ ሰው ብቻ ነው፤ ገበያው ጀላሉ ነው የሚለው። የወሎ ቦረና ሰው ነው፣ እኔም የዚያው አገር ነኝ። መቀሌ የገባነው በጣልያን ጊዜ ነው። እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ፤ እሱ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አህያዋ ስትሰናከል «ወይኔ መኪናዬ» ይላል። እኔ ስሰናከል «አይዞሽ» ይላል። ልዩነቱ ያኔም ገብቶኛል።

ሱቃችን ዛሬ ሮማናት ከሚሉት አደባባይ ወደ ገበያው ሲወርዱ ነበር። ያኔ አደባባዩም የለ፣ ታክሲውም የለ፤ ጨው የጫነ ግመልና አቧራ ነው። አንድ በር፣ አንድ መኪና፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ጀላሉ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያናግረው ፊቱን ትቶ ትከሻውን የሚያይ ሰው ነበር፤ ስፋቱን በዓይኑ እየለካ ነው። መቆጣቱም መደሰቱም ከፊቱ አይነበብም። እኔ የማውቀው በእግሩ ነበር። ደስ ሲለው መኪናውን ቶሎ ቶሎ ይረግጣል።

ኲሓ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ዳር አንድ የጣልያን መጋዘን ነበር። አለቃውን ማሬሻሎ ይሉታል፤ ማዕረጉ ነው፣ ስሙን አላወቅነውም። ወፍራም ነው፣ ዕለት ዕለትም ይጨምራል፤ ጀላሉ እየሄደ ሱሪውን ያሰፋለታል። ይኸው ሰው ግራሞፎን ነበረው። ከሸክላዎቹ መሃል አንዱ ጥራዝ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ነው፤ በየገጹ ኪስ አለው፣ በየኪሱ አንድ አንድ ሸክላ ገብቷል። ሽፋኑ ላይ ድልድይና ረጃጅም ፎቅ ተስሏል። የአሜሪካ ነው። ብዙ ሰው ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ ጡሩምባው አለ፣ ከበሮው አለ፣ እኔ ስሙን የማላውቀው ብዙ ነገር አለ፣ አንዱ ሲተው ሌላው ይቀበላል። ጃዝ እንደሚባል ልጆቼ የነገሩኝ ካደጉ በኋላ ነው። ጀላሉ «የአሜሪካው» ብሎት ቀረ።

ማሬሻሎው አለቆቹ እንዳይሰሙበት በር ዘግቶ ነበር የሚያጫውተው። ጀላሉም ሱሪውን እያሰፋ ውስጥ ተዘግቶበት ይሰማል።

«ምኑ ነው እንዲህ የወደድከው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሸክላው ሲዞር ሰውዬው ና፣ ሂድ፣ ፍጠን ማለት ይረሳል» አለኝ። «እስኪያልቅ የማንም አሽከር አይደለሁም።»

ጣልያን ሲሸነፍ ማሬሻሎው ሱሪዎቹን ይዞ፣ ግራሞፎኑንና የአሜሪካውን ጥራዝ ለጀላሉ ትቶ ሄደ። ያንን ክረምት ሱቃችን ውስጥ ዘፈን ነበር። እኔም ያኔ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ፣ ኋላ ወደድኩት።

ክረምቱ ሳይወጣ የሸክላው መርፌ አለቀ። የሸክላ መርፌ ከጣልያን ጋር አብሮ ሄዷል፣ ከገበያ የለም። ጀላሉ ምን ያድርግ፤ ልብስ ሰፊ ቤት መርፌ ጠፋ ይባላል እንዴ? የስፌት መኪናውን መርፌ ቆርጦ፣ ሞርዶ ገጠመበት። ዘፈነ። ጀላሉ ያን ቀን መኪናውን እንዴት እንደረገጠው።

ቆይቶ ሸክላው ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ዱቄት ማየት ጀመርን። በጣቴ ጠርጌ አሳየሁት። የእኛ መርፌ ጨርቅ መብሳት ነው የለመደው፤ ሸክላውንም እየበሳው ኖሯል። በዘፈነ ቁጥር ያልቃል።

«በል ተወው» አልኩት። «አስቀምጠህ እየው።»

«ሳሊሃ፣ ሸክላ የሚታይ ነገር አይደለም» አለኝ።

 በሦስተኛው ቀን፣ የአንድ ነጋዴ ኮት እየቀደደ ሳለ፣ «ሳያልቅ ለሰው ማስያዝ ነው» አለ። ስለ ኮቱ መሰለኝ፤ ለካ ዘፈኑን ነው።

የእምቢልታን ነገር ለማያውቅ ልንገር። እምቢልታ እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ ቢበዛ ሁለት። ብቻውን ቢነፋ ላም የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው። ሦስት ሆነው ሲቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው። ትግራይ ውስጥ ያለ እምቢልታ ሰርግ የለም፣ ጀላሉም በየሰርጉ ይሰማቸው ነበር። «አንዱ ይላል፣ አንዱ ይቀበላል፤ አሜሪካኖቹም ሥራቸው ይኸው ነው» አለኝ። እኔ አልመሰለኝም።

የእምቢልታ ነፊዎቹ አለቃ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ የሚኖሩ አቦይ ገብረዋሕድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጀላሉ ለምኖ አመጣቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱን ሸክላ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ስንት ናቸው?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ብዙ ናቸው አቦይ።»

«ይጣላሉ እንዴ?»

«የለም፣ እየተጫወቱ ነው።»

«ጽቡቅ» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። «እንግዲያው እኛ ሦስት ሆነን አንችለውም።»

ልጃቸውን ጥር ላይ ሊድሩ ነበር። ከተሳካ በእሷ ሰርግ ላይ እንዲነፋ ተስማሙ። ጀላሉ ጣልያን ትቶት ከሄደው የውሃ ቱቦ ለምኖ ስምንት እምቢልታ አስቆረጠ፣ ከአጭር እስከ ረጅም። ሰባቱን አቦይ ገብረዋሕድና ሰዎቻቸው ያዙ። ስምንተኛው ቱቦ ግን ከሁሉ የረዘመና የወፈረ ነው፤ የሚነፋው ሰው ፊቱ ይጠቁራል እንጂ ድምፅ አይወጣም። በመጨረሻ ደሳለኝ መጣ። ደሳለኝ የመንዝ ሰው ነው፣ የዚያው የኲሓ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ የቀረ፤ በበራችን ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው። በሕይወቱ እምቢልታ ነፍቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ቢነፋው የጎረቤት ፍየል ገመዷን በጠሰች። ስምንተኛው የእሱ ሆነ።

ለከበሮው ያገራችንን ሰው ሀሰንን አመጣነው። ሀሰን ገበያ ውስጥ ሸክም ይሸከማል፤ መንዙማ ሲባል ድቤ የሚመታው እሱ ነው።

«የመንዙማን ድቤ ለአሜሪካ ዘፈን መምታት ነውር አይሆንም?» አልኩት።

«ድቤው ራሱ ምንም አላለም» አለኝ።

ጀላሉ ዘፈን አልተማረም፤ የሚያውቀው መቅደድና መስፋት ነው። ስለዚህ ጥራዙን በሙሉ እንደ አንድ ጣቃ ጨርቅ ቆጠረው። ከአንደኛው ሸክላ አንገትጌ አወጣ፣ ከሌላው ደረት፣ ከሌላው እጅጌ፤ የተረፈውን ገበር አደረገው። እነዚህን ገጣጥሞ አንድ ልብስ የሚሆን ዜማ ሠራ። ነፊዎቹም በዚሁ ቋንቋ ተግባቡ። «ከደረቱ እንጀምር» ይላል አንዱ። «እጅጌው ጠቧል፣ ይለቀቅ» ይላሉ አቦይ ገብረዋሕድ። ከሁሉ ጀላሉ የሚወደው እጅጌው ነበር። እጅጌው ላይ አሜሪካኖቹ ሁሉም ዝም ይሉና ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ይመጣል፤ ልክ ሰው ከጓዳ ወጥቶ በር ላይ እንደ መቆም። ያ የደሳለኝ ነው።

የእኛ ኢድ ካለፈ በኋላ ተጀመረ። ሸክላውን የሚያሰማቸው በስስት ነው፤ ትንሽ ያሰማቸውና የግራሞፎኑን ክንድ ብድግ ያደርጋል። ዱቄቱን እፍ እያለ ያራግፋል። ነፊዎቹ «ድገመው» ሲሉት ልጁን አሳልፎ እንደሚሰጥ ሰው ያያቸዋል።

ዜማውን ገና መያዝ ሲጀምሩ ህዳር ተጋመሰና የገና ጾም ገባ።

«እንግዲህ ይኣክል፣ ይበቃል» አሉ አቦይ ገብረዋሕድ። «በጾም እምቢልታ አይነፋም።»

«እስከ ገና ከተተወ ይረሱታል» አለ ጀላሉ።

«አይነፋም አልኩህ ወደይ፣ ልጄ። አይታሰብም አላልኩም።»

እናም ሳይነፉ አጠኑት። ስምንቱ አግዳሚውና መሬቱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሀሰን በጣቱ ጉልበቱን ይመታል፤ ተራው የደረሰ ሰው እጁን ያነሳል፣ ድምፁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ያወርዳል። ድምፅ የለም። እጅ ይነሳል፣ እጅ ይወርዳል። እጅጌው ላይ ሁሉም እጅ ይወርድና የደሳለኝ ብቻ ጣራውን ሊነካ ይነሳል። ጀላሉ መቀሱን ይዞ መሃል ቆሞ፣ አንዱ እጅ ሲዘገይ «ተበላሸ» ይላል።

አንድ ቀን የከተማው ዘበኛ በራችን ላይ ቆመ። ያ ጊዜ ደግሞ መንግሥት ገና ያልጠናበት፣ እንግሊዝ የሚዘዋወርበት፣ ሰው ተሰብስቦ ሲታይ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው።

«ማንን ነው የምትመርጡት?» አለ።

«ማንንም» አለ ጀላሉ።

«ታዲያ እጁ ምንድነው?»

«እየዘፈንን ነው።»

ዘበኛው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠ። «አይሰማም» አለ።

«ጾም ነዋ» አሉት አቦይ ገብረዋሕድ።

ዘበኛው ክርስቲያን ነበር፣ ነገሩ ገባው። «በሰላም ያስፈጽማችሁ» ብሎ ሄደ።

የገና ጾም ሲፈታ የተገኙት ቱቦዎቹን አነሱና ቁራጭ ቁራጩን ነፉ። ጀላሉ ሰምቶ «አንገትጌው ከፍ ብሏል» ብቻ አለ፤ እግሩ ግን መኪና በሌለበት መሬቱን ይረግጥ ነበር። ያን ዕለት ከሸክላው ጋር ሊያስተያየው ግራሞፎኑን ቢያዞር፣ ከዚያ ሁሉ አሜሪካዊ የቀረው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ነው። ሌላውን ሸክላ አወጣ፣ ያው ዝናብ ነው። መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከእንግዲህ የአሜሪካው ያለው እነዚያ ስምንት ቱቦዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ እነሱም ገና ተገጣጥመው ከዳር እስከ ዳር አልተነፉም። አንዱ ቢመጣ አንዱ ሥራ ይሄዳል። ከነፊዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሰርጉ እንዳለፈ ለሥራ አስመራ ሊወርዱ ተሰናድተዋል፤ የቆዩት ለአቦይ ገብረዋሕድ ልጅ ሲሉ ነው። ከሰርጉ ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ይገባል። ስለዚህ የሚነፋው አንድ ቀን ነው፤ ጀላሉም የሚሰማው ያን ቀን ነው። ለሰርጉ ጥግ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር አስቀድሞ ሄዶ አይቶ መጣ።

ሰርጉ እሑድ ሊሆን ረቡዕ ቀን ሀሰን መጣ። የሸክም ገመዱን ከትከሻው ሳያወርድ ተቀመጠ።

«የደሳለኝ እናት ሞተዋል» አለ።

«ማን አለ?»

«ከደሴ በመጣው መኪና የመንዝ ነጋዴ ነበረበት። የጎረቤታቸው ሰው ነው። መርዶውን አድርሱ ብሎኝ ወደ አዲግራት አለፈ።»

ጀላሉ አቦይ ገብረዋሕድን አስጠራቸው። ሰምተው አማተቡ፣ ለነፍሳቸው ጸለዩላቸው፣ ከዚያ ተቀመጡ።

«ሰርጉ እስኪያልፍ ይቆይ» አሉ። «ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ እምቢልታ አይነፋም። ሰኞ ማለዳ እኔው ራሴ አረዳዋለሁ።»

«ሰውየውን መዋሸት አይሆንም?» አለ ሀሰን።

«ምን ውሸት አለው፣ ሥርዓት ነው እንጂ። እኔንስ የወንድሜን መርዶ አዝመራ እስክሰበስብ ደብቀውኝ አልነበር? እህሉም ገባ፣ እኔም አለቀስኩ። ምን ጎደለ?»

እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ይደረጋል። እኔም ብጠየቅ ይቆይ ነበር የምለው። ጀላሉ መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር፤ ክሩ እምቢ አለው።

«አቦይ» አለ፣ «እርስዎ አዝመራ ሲሰበስቡ ሰው ተሰብስቦ አያዳምጥዎትም ነበር።»

«እና?»

«ደሳለኝ ሲነፋ ሁላችን እናውቃለን፣ እሱ ብቻ አያውቅም። እጅጌው ላይ ሁላችን ዝም ብለን እሱ ብቻውን ሲመጣ እኔ የምሰማው እናቱን ነው። ዘፈኑ ይበላሻል።»

«እሱ ካልነፋማ ጭራሹንም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ወደይ፣ ታዲያ ጾሙን ሙሉ እጃችንን ስናነሳ የከረምነው ለምንድነው?»

ጀላሉ ክሩን በአፉ አርጥቦ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ «ነገ ይረዳ» አለ። አቦይ ገብረዋሕድ ብድግ አሉ፣ በበሩ ሲወጡ «ልብስ ሰፊ ልቡ አይታወቅም» ብለውኝ ሄዱ፤ ለእኔ ነው ያሉት፣ እኔ እንደማውቅ ሁሉ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ደሳለኝን አረዳው። ረጅም ሰው ሲወድቅ ጊዜ ይፈጅበታል። ጀላሉ ከለቅሶው ቤት ሁለት ቀን አልወጣም፤ ለቀስተኛውን ያስቀምጣል፣ ውሃ ያቀርባል። ስለ ሰርጉ አላነሳም። ያነሳው ራሱ ደሳለኝ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እኔም ንፍሮ ይዤ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ቱቦውን ለማን ሰጣችሁት?» አለ።

«ለማንም።»

«ማን ይነፋዋል?»

«እንጃ። ትንፋሹ የሚበቃው ሰው ቢገኝ መግቢያውን አያውቅም።»

ደሳለኝ ኩታውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «መግቢያውን የምናውቅ እኔና አንተ ነን» አለ። «አንተ ንፋው።»

«እኔ ልሰማ ነበር» አለ ጀላሉ።

«አውቃለሁ።»

 ከዚያ ደሳለኝ «ከሆድህ ንፋ፣ ከጉንጭህ አይደለም» አለው። «እጅጌው ላይ ሀሰን ሁለቴ ሲመታ ግባ። ሦስተኛውን ከጠበቅህ አመለጠህ።»

ጀላሉ ያን ዕለት እስኪመሽ ሜዳ ወጥቶ ሲነፋ ቆየ፤ ድምፁ የወጣለት ሲጨልም ነው። እሑድ ከንፈሩ አብጦ ሰርግ ሄድን።

ዳሱ ሞልቷል። ለእኛ ለእስላሞቹ ለብቻ በግ ተገዝቶልን ነበር፤ ያረደው ሀሰን ነው፣ ያረደበትን እጁን ታጥቦ ድቤውን አነሳ። ስምንቱ ተሰለፉ። ጀላሉ ከሁሉ አጭር ነው፣ የያዘው ቱቦ ከሁሉ ረጅም ነው። የሙሽራው ወገኖች እያዩት ይሳሳቁ ነበር።

ጀመሩ። እኔ ጀላሉ ለራሱ አይቶት የነበረው ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ባዶ ሆኖ ከሚቀር ብዬ።

መጀመሪያ ማንም አልጨፈረም። ሰው ቆሞ ያያቸዋል። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብለው «እየፈተሹት ነው፣ አሁን ይጀምራሉ» አሉ። አንገትጌው አለፈ፣ ደረቱ መጣ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት በማይሆን ቦታ አጨበጨበች፤ ሌሎችም ተከተሏት፤ ሀሰን ወደ እነሱ ሄደ ወይስ እነሱ ወደ እሱ መጡ እንጃ፣ ብቻ ተገጣጠመ። ትከሻ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ እጅጌው ላይ ሰባቱ ዝም አሉ። ሀሰን ሁለቴ መታ። ከሥር ያ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ የቆመበትን ቦታ ሳይለቅ። ዳሱ ጸጥ አለ። የአሜሪካኖቹን ይመስላል? አይመስልም። ቱቦ ነው፣ ጭብጨባ ነው፣ የአቦይ ገብረዋሕድ አገር ነው። ግን ማሬሻሎው ቤት ውስጥ የነበረው ነገር፣ ያ ጀላሉ የነገረኝ፣ እዚያ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የማንም ሚስት አልነበርኩም፣ ለማንም ውሃ የምቀዳ አልነበርኩም። ቀና ብዬ ጀላሉን አየሁት። ላቡ ይወርዳል፤ ዓይኑ ሀሰን እጅ ላይ ተተክሏል፣ ከንፈሩ ይቆጥራል።

ሲያልቅ እልል አሉ። የሙሽራው አጎት «በሉ አሁን ደግሞ እውነተኛውን ንፉልን» አለ። ነፉለት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቱቦውን ተሸክሞ ከፊቴ ይሄዳል።

«እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ጥሩ ነበር።»

«እጅጌው መጣ?»

«መጣ። ሰው ጸጥ አለ።»

ጥቂት ሄድን።

«እኔ አልሰማሁትም» አለ። «ሀሰንን ስጠብቅ አለቀ።»

እንደተባለውም ሁለቱ አስመራ ወረዱ። ዐቢይ ጾም ገባ። አቦይ ገብረዋሕድ በዚያው ክረምት በሽታ ይዟቸው ዐረፉ፤ በዓመቱ መቀሌ ላይ የደረሰው ግርግር የቀሩትን በታተናቸው። ቱቦዎቹም በየቤቱ የሌላ ነገር ሥራ ያዙ። የእኛው ትልቁ ቱቦ የጣራ ውሃ መቀበያ ሆነ፣ ጥሩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጀላሉ የአሜሪካውን መስማት ሲፈልግ እኔን ይጠይቀኝ ነበር። ድምፅ የለኝም፤ ግን ከእኛ ሰዎች መሃል ከዳር እስከ ዳር የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጆች እያጠባሁም፣ ሽሮ እያማሰልኩም ነግሬዋለሁ፤ እያንጎራጎርኩ፣ ያልሆነልኝን በእጄ እያሳየሁ። ደሳለኝም መቀሌ አግብቶ ስለቀረ በኢድ በኢድ ይመጣ ነበር፤ ይበላና ወገቡን አስደግፎ «እስቲ ያን ሰርግ» ይለኝ ነበር። ሁለቱም ሸብተው፣ አሁን ሁለቱም አፈር ገብተው እንኳ፣ እኔ የማያቸው እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነው።

«ከዚያ ሁሉም ዝም አሉ» እላቸዋለሁ። «ሀሰን ሁለቴ መታ። ደሳለኝ ገባ።»

«እኔ አልነበርኩም» ይላል ደሳለኝ።

«እሺ፣ ጀላሉ ገባ።»

«እኔም አልነበርኩም ማለት ይቻላል» ይላል ጀላሉ። «ቀጥዪ አንቺ።»

እቀጥልላቸው ነበር።